ቱሉ ዲምቱ ያለው የእንግሊዝኛ ክፍል፦ አስተማሪው ጎበዝ፣ ሃንድአውቱ ጉድ

አስቀድሜ ፍርዴን ልስጥ። «ኢፍ» ያለበትን ዓረፍተ ነገር፣ ኮንዲሽናል ሴንቴንስ የሚሉትን፣ ሃይስኩል ተምራችሁት ዛሬም ስትናገሩ የሚያደናቅፋችሁ ከሆነ እዚህ ክፍል የምትከፍሉት ብር አይቆጫችሁም። እንግሊዝኛን ከኤቢሲዲ ልትጀምሩ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። በሩ ላይ የተሰቀለውን «በ1 ወር እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚል ባነርም እንዳላያችሁ እለፉት። እንዲህ ያለ ነገር የለም።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም። ከታች የማማርርበት ጉዳይ አለኝ፣ ባለቤቶቹም የሰፈር ሰዎች ናቸው፣ ነገ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ እንገናኛለን። ሰፈሩን ግን ልንገራችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፣ ግራውንድ ላይ ለሱቅ ተብለው ከተሠሩት ክፍሎች ሁለቱን አንድ አድርገው የከፈቱት። ከመሀል ከተማ ለሚመጣ ሰው ባቡሩ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ታክሲ መያዝ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር ስለሆነ አቅጣጫው አይጠፋችሁም። መምጣቱ ቀላል ነው፣ ማታ መመለሱ ነው ፈተናው።

እንዲህ ያሉ ክፍሎች በየሰፈሩ እንደ አሸን የፈሉት በከንቱ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተዛወረና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ከተነገረ በኋላ ወላጅ ሁሉ ደነገጠ። ልጁን ማጠናከሪያ ያላስገባ የለም። ትልልቆቹም ተከተሉ። አንዱ ለስኮላርሺፕ፣ አንዷ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ፣ አንዱ ደግሞ አለቃው በእንግሊዝኛ ኢሜይል ጻፍ ስላለው። እኔ የነበርኩበት ክፍል ውስጥ የባጃጅ ሹፌር፣ ነርስ፣ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና አሜሪካ ያለች ልጃቸው ጋ ለመሄድ የሚዘጋጁ አንዲት እናት ነበሩ። ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው።

ኮርሱ ሙሉ የግራመር ኮርስ ነው። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ኮንዲሽናሉ ብቻ ነው፣ የሄድኩትም ለእሱ ነው። ሌላውን አይቼዋለሁ፣ እንደየትም ነው።

አንድ ነገር ልበል። ከዚህ በታች እንግሊዝኛውን ሆን ብዬ በፊደላችን ነው የምጽፈው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የዚህ ትምህርት ግማሹ ጆሮ ላይ ነው፣ ለምን እንደሆነ ስንደርስ ታያላችሁ።

በየትምህርት ቤቱ ይህን ነገር የምንማረው በፎርሙላ ነው። ታይፕ ዋን፦ ኢፍ፣ ፕሬዘንት ሲምፕል፣ ዊል። ታይፕ ቱ፦ ኢፍ፣ ፓስት ሲምፕል፣ ዉድ። ታይፕ ስሪ፦ ኢፍ፣ ሃድ፣ ፓስት ፓርቲሲፕል፣ ዉድ ሃቭ። በቃ። ባዶ ቦታ ሙሉ ሲባል እንሞላለን፣ ማርክ እናገኛለን። ከዚያ አንድ ፈረንጅ ፊት ለፊት ቆመን «ባውቅ ኖሮ እደውልልህ ነበር» ማለት ሲያምረን ፎርሙላው ይበተናል። ሦስቱን ቁጥር ሁሉም ያውቃል፣ የትኛውን መቼ እንደሚያነሳ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ክፍል አስተማሪ ፎርሙላውን በኋላ ነው ያመጣው። መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ሦስት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፈ።

ታክሲ ካገኘሁ እመጣለሁ።
ታክሲ ባገኝ እመጣ ነበር።
ታክሲ ባገኝ ኖሮ እመጣ ነበር።

ከዚያ ጠየቀ፦ ይሄን የሚለው ሰውዬ የት ቆሟል? ሰዓቱስ ስንት ነው? ክፍሉ ተንጫጫ። የመጀመሪያው ገና ቃሊቲ ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ ተስፋ አለው። ሦስተኛው ቤቱ ገብቶ እግሩን ዘርግቷል፣ ነገሩ አልፏል፣ አልመጣም፣ ይቅርታ እየጠየቀ ነው። መሀለኛው ላይ ግን ተጣላን። ባጃጅ ነጂው «አሁን ታክሲ የለም ማለቱ ነው» አለ። ነርሷ ደግሞ «የለም፣ ትናንት ስላልመጣ ነው የሚያወራው» አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። አማርኛችን «እመጣ ነበር»ን ለዛሬውም ለትናንቱም ይጠቀምበታል፣ «ኖሮ» ካልገባበት የሚለየው ሁኔታው ነው። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ግትር ነው። የዛሬው «አይ ዉድ ከም» ነው፣ የትናንቱ «አይ ዉድ ሃቭ ከም»። ምረጥ ይልሃል። ታይፕ ቱና ታይፕ ስሪ ሐበሻን የሚያምሱት በዚህ ምክንያት ነው፣ እኛ ጋ ውጤቱን የሚናገረው ግስ አንድ ነውና። ስንት ዓመት እንግሊዝኛ ስማር ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተመለሰ። «ካገኘሁ» ውስጥ ያለውን «ከ» አንሡት፣ ምን ቀረ? «አገኘሁ»። ያለፈ ጊዜ። ስለዚህ ጭንቅላታችን በቀጥታ «ኢፍ አይ ፋውንድ ኤ ታክሲ፣ አይ ዊል ከም» ይላል። ስህተት። እንግሊዝኛው የሚፈልገው «ኢፍ አይ ፋይንድ» ነው፣ የአሁን ጊዜ። ከዚህ የሚያመልጡት ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። ነገሩ የነገ ስለሆነ «ኢፍ አይ ዊል ፋይንድ» ይላሉ። ይሄም አይሆንም። «ዊል» ወደ ውጤቱ ነው የሚሄደው፣ ሁኔታው ጋ አይጠጋም። ከጨዋነት በቀር። ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ «ኢፍ ዩ ዊል ፎሎው ሚ» ቢላችሁ ልክ ነው፣ እዚያ ጋ «ዊል» የነገን ጊዜ ሳይሆን ፈቃደኝነትን ነው የሚናገረው፣ እባክዎ ይከተሉኝ እንደማለት። ይቺን በጨረፍታ ነው ያለፋት፣ ግን ጠቃሚ ናት።

ስለ ዜሮ ኮንዲሽናል ብዙ አልልም። ሁሌም እውነት የሆነ ነገር ላይ ሁለቱም ጎን ፕሬዘንት ነው፣ አለቀ። አንድ የሚያስቅ ነገር ግን ነበር። ሃንድአውቱ፣ እንደ ዓለም ሃንድአውት ሁሉ፣ «ውሃን እስከ 100 ዲግሪ ካሞቅከው ይፈላል» የሚለውን ምሳሌ ይዟል። የዩኒቨርሲቲው ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ እዚህ አይሠራም» አለ። እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው 92 እና 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቲቸርም ሳቀና «ግራመሩ ልክ ነው፣ ፊዚክሱ ለባህር ዳርቻ ሰው ነው» ብሎ ምሳሌውን በራሳችን ተረት ቀየረው፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ይሄኛው ምሳሌ ብልጥ ነበር፣ ምክንያቱም የ12ኛ ክፍል ልጆቹ «ቢ» ባዩ ቁጥር «ዉድ» መጻፍ ጀምረው ነበር። እዚህ «ቢ» አለ፣ ግን ማንም ሊሆን የማይችል ነገር እያለመ አይደለም፣ ሁሌ እውነት የሆነ ነገር ነው የሚናገረው። ስለዚህ እንግሊዝኛው ላይ ዜሮ ነው። የአማርኛውን ቀለም አይታችሁ ታይፕ አትምረጡ፣ ሐሳቡን እዩ ነው ነገሩ።

አሁን ወደ ታይፕ ቱ። የከፈልኩት ብር እዚህ ጋ ነው የተመለሰልኝ። ምሳሌው «ኢፍ አይ ሃድ ኤ ካር፣ አይ ዉድ ድራይቭ ቱ አዳማ» ነበር። እትዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና አልዋጥላቸው አለ።

«ልጄ፣ ሃድ ማለት ነበረኝ አይደለም እንዴ? እኔ መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ለቪዛው ሰውዬ ነበረኝ ብዬ ልዋሽ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር አልሳቀም። «እትዬ፣ እስቲ በአማርኛ ይበሉልኝ» አላቸው።

«መኪና ቢኖረኝ አዳማ እሄድ ነበር።»

«እዚህ ውስጥ ያለው ነበር ስለ ትናንት ነው የሚያወራው?»

ዝም አሉ። «አይ፣ ስለ አሁን ነው።»

«እንግሊዞቹም እንደዚያው ናቸው። እርስዎ ነበርን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፣ እነሱ ሃድን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣሉ። ሁለታችሁም ያለፈውን ጊዜ የተዋሳችሁት ነገሩ የሌለ መሆኑን ለመናገር ነው።»

በቃ፣ ነገሩ ገባኝ። ታይፕ ቱ ውስጥ ያለው ፓስት ጊዜን አያሳይም፣ ከእውነቱ መራቅን ነው የሚያሳየው። ከዚያ ወዲያ ታይፕ ስሪን ለማስረዳት ብዙ አልደከመም። ለዛሬው ሕልም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከሄድን፣ ለትናንቱ ሕልም ሁለት እርምጃ እንሄዳለን። «ሃቭ» የነበረው «ሃድ» ሆነ፣ «ሃድ» የነበረው «ሃድ ሃድ» ሆነ። «ኢፍ አይ ሃድ ሃድ ኤ ካር፣ አይ ዉድ ሃቭ ድሪቭን»። ሁለት «ሃድ» ተከታትለው ሲመጡ ሰው የጽሕፈት ስህተት ይመስለዋል፣ አይደለም።

«ወር» የምትለዋም ተነሣች። «ኢፍ አይ ወር ዩ» ነው ወይስ «ኢፍ አይ ዎዝ ዩ»? መልሱ ቀጥተኛ ነበር፦ ፈተና ላይ «ወር» ጻፉ፣ ሰው ግን ሲያወራ «ዎዝ» ሲል ብትሰሙ አትረሙት፣ የአገሬው ሰው ራሱ ይለዋል። «ኢፍ አይ ወር ዩ» የምትለዋ ምክር መስጫ ግን እንዳለች መያዝ አለባት። እንዲህ ዓይነት መልስ ነው የምወደው። ሌላ ቦታ ሕግ ነው ብለው ያፈጡባችኋል።

ከዚያ የኮንዶሚኒየሙ ምሳሌ መጣ። ቱሉ ዲምቱ ተቀምጦ ስለ ኮንዶሚኒየም ምዝገባ የማያወራ ሰው የለም፣ 1997 የተመዘገበ አለ፣ 2005 የተመዘገበ አለ፣ በሁለቱም ያልተመዘገበና እስከ ዛሬ ኪራይ የሚከፍል አለ። ባጃጅ ነጂው ሦስተኛው ወገን ነው። «በ2005 ተመዝግቤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤት ይኖረኝ ነበር» ማለት ፈለገ። ታይፕ ስሪ ፎርሙላን ዘርግቶ ሞከረው፣ «ዛሬ» የምትለዋ ቃል አልገባ አለችው። ምክንያቱም ሁኔታው የዛሬ አሥር ምናምን ዓመት ነው፣ ውጤቱ ግን አሁን ነው። ይሄ ሚክስድ ኮንዲሽናል ይባላል። ግማሹ ከታይፕ ስሪ፣ ግማሹ ከታይፕ ቱ፦ «ኢፍ አይ ሃድ ሬጂስተርድ ዜን፣ አይ ዉድ ሃቭ ኤ ሃውስ ናው»።

እዚህ ጋ ሰው ሁሉ ተሳሳተ፣ እና ስህተቱ የሚገርም ነው። «ዉድ ሃቭ» ሲያዩ ታይፕ ስሪ መሰላቸው። አይደለም። እዚህ ያለው «ሃቭ» ረዳት ግስ ሳይሆን ዋናው ግስ ነው፣ «ይኖረኝ ነበር» የሚለው። ታይፕ ስሪ ቢሆን «ዉድ ሃቭ ሃድ ኤ ሃውስ» ይሆን ነበር፣ ያ ደግሞ ያኔ ቤት ይኖረኝ ነበር ማለት ነው፣ ስለ ዛሬ ምንም አይናገርም። ቲቸር ይሄን ለማስረዳት ከሰዓቱ አልፎ ቆየ፣ ጽዳት የምትሠራው ልጅ መጥረጊያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችው። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። ሃንድአውቱ ውስጥ ስለ ሚክስድ አንዲት መስመር የለችም፣ የነገረን ከራሱ ነው።

ቅድም ጮክ ብላችሁ አንብቡት ያልኩት ለዚህኛው ነው። ሰው ሲያወራ «አይ ሃድ» እና «አይ ዉድ» ሁለቱም «አይድ» ይሆናሉ። «ኢፍ አይድ ኖውን፣ አይድ ሃቭ ኮልድ ዩ»። የመጀመሪያው «አይድ» ሃድ ነው፣ ሁለተኛው ዉድ ነው። ድምፃቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ተከትሎ የሚመጣው ነው፦ «ኖውን» ከመጣ ሃድ፣ «ሃቭ» ወይም ተራ ግስ ከመጣ ዉድ። «ዉድ ሃቭ» ራሷ ደግሞ ሲፈጥኑ «ዉዳቭ» ትሆናለች፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ራሳቸው «ዉድ ኦፍ» ብለው ሲጽፏት ይታያል። ፊልም ስታዩ ያልገባችሁ መስመር ካለ ከመሀሉ አንዷ ይቺ ናት። ቲቸር በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በፍጥነትም በዝግታም የተቀዱ አጫጭር ድምፆች ይለቅልናል፣ ከኮርሱ ሁሉ ይሄ ለብቻው ገንዘብ ያወጣል።

ትንንሾቹን ነገሮች ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። «አንለስ» የራሱን «አል» በውስጡ ይዟል፣ ልክ እንደ «ካልዘነበ»፣ ስለዚህ «አንለስ ኢት ዳዝንት ሬይን» ካላችሁ ሁለቴ ካዳችሁ። «ኢን ኬዝ» ከ«ኢፍ» ይለያል፦ ምናልባት ቢዘንብ ብዬ ጃንጥላ ይዤ ከወጣሁ «ኢን ኬዝ» ነው፣ ዝናቡ ሲጀምር ብቻ የምይዘው ከሆነ «ኢፍ» ነው። ሐምሌ ላይ «ኢፍ» የሚል ሰው ይበሰብሳል። «ስደርስ እደውላለሁ» ለማለት «ኢፍ አይ አራይቭ» ካላችሁ ሰሚው ላትደርሱ ትችላላችሁ ብሎ ይጨነቃል፣ «ዌን» በሉ። «ይመጣ እንደሆነ አላውቅም» የሚለው ውስጥ ያለው «ኢፍ» ደግሞ ኮንዲሽናል አይደለም፣ ስለዚህ «አይ ዶንት ኖው ኢፍ ሂ ዊል ከም» ልክ ነው፣ «ዊል» እዚህ ይፈቀዳል። ይቺ ፈተና ላይ ትመጣለች። ቅደም ተከተሉም እንደ አማርኛችን አይደለም። እኛ ሁኔታውን እናስቀድማለን፣ እነሱ ግን መገልበጥ ይችላሉ፣ «ኢፍ» ከቀደመ ኮማ ይገባል፣ ከኋላ ከመጣ አይገባም።

«ሃድ አይ ኖውን» እና «ሹድ ዩ ኒድ» የሚሉት፣ «ኢፍ» ተሰርዞባቸው የተገለበጡት፣ ላይ ብዙ አልቆየንም። ከድርጅት የሚመጣ ደብዳቤ ላይ «ሹድ ዩ ኒድ» ሲል ምክር እየሰጣችሁ አይደለም፣ ካስፈለጋችሁ ማለቱ ነው። ይህን ያህል ማወቅ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

እሺ፣ ምስጋናው እዚህ ላይ ይብቃ።

ሃንድአውቱ አይረባም። ፎቶ ኮፒ የፎቶ ኮፒ ነው፣ ጫፉ ላይ ግማሽ ቃል የተቆረጠበት። ያ ባልከፋ። የመልስ መስጫው ራሱ የተሳሳተ ነው። ታይፕ ስሪ መልመጃ ላይ «ኢፍ ሂ ዉድ ሃቭ ስተዲድ» የሚለውን ትክክለኛ መልስ ብሎ አስቀምጦታል። «ዉድ» ከ«ኢፍ» ጋር አንድ ጎን ላይ ተቀምጦ! ክፍል ውስጥ ሁሌ አታድርጉ የሚለንን ነገር ሃንድአውቱ ያደርገዋል። ቲቸርን ስንጠይቀው የጻፈው እሱ እንዳልሆነና ቢሮው ከድሮ ጀምሮ የሚሸጠው እንደሆነ ነገረን። አዎ፣ ይሸጣል። 150 ብር። ቤታችሁ ብቻችሁን የምታጠኑ ከሆነ ስህተቱን ሸምድዳችሁ ፈተና ልትገቡ ነው።

ለቢሮዋ ልጅ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄጄ ነገርኳት። «ወንድሜ፣ እስካሁን ማንም ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም» አለችኝ። ገጹን አሳየኋት። ለኃላፊው እነግራለሁ አለች። ኃላፊው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል፣ ከእኛ በኋላ የገቡትም ያንኑ ነው የገዙት።

ክፍያው ለ2 ወር 2,400 ብር ነው፣ ለሰፈሩ ደህና ዋጋ ነው። የማይነግሯችሁ ነገር መመዝገቢያ 200 ብር ለብቻው እንዳለ፣ ሰርተፊኬት ከፈለጋችሁም ሌላ 300 እንደምትጨምሩ ነው። ሰርተፊኬቱ ቀለሙ ያምራል፣ የትም አያስገባችሁም፣ ተዉት። ደረሰኝ ደግሞ ሳትጠይቁ አይሰጧችሁም። ጠይቁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አጠገቡ በርና መስኮት የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት አለ፣ ብረት መቁረጥ ሲጀምር ከኋላ ለተቀመጠ ሰው «ዊል»ና «ዉድ» አንድ ናቸው። ከፊት ተቀመጡ። መብራት ሲጠፋ የማታው ክፍል በስልክ ባትሪ ነው የሚቀጥለው፣ ብረት ቤቱም ያኔ ነው ዝም የሚለው። ጀነሬተር እናመጣለን ካሉ ቆይተዋል።

ከሁሉ የሚያስከፋኝ ግን የመናገር ልምምድ አለመኖሩ ነው። ኮንዲሽናል ወረቀት ላይ ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ቲቸር በየመሀሉ ሁለት ሁለት ሆናችሁ አውሩ ይለናል፣ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ብዛትና ሰዓቱ አይፈቅዱለትም። አንድ ሰው በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ወይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ነው የሚወጣው። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነበር፣ በአንድ ክፍል የሚያስገቡትን ሰው መቀነስ። ገንዘቡን ስለሚቀንስ አያደርጉትም። እኛ ከትምህርት በኋላ ከነርሷና ከባጃጅ ነጂው ጋር በእግር እየሄድን በእንግሊዝኛ «ቢሆን ኖሮ» እያልን ማውራት ጀምረን ነበር፣ የሰፈሩ ልጆች እየሳቁብን። ከክፍሉ ይልቅ ምላሴን የፈታልኝ እሱ ነው ማለት እችላለሁ።

እትዬ ቃለ መጠይቁን ገና አልገቡም። ግን ባለፈው «ኢፍ ማይ ዶተር ወር ሂር፣ ሺ ዉድ ላፍ አት ሚ» ብለው ክፍሉን ጸጥ አሰኝተውታል። አንዲት ስህተት የለባትም።

ማን ይሂድ? ሦስቱን ታይፕ በስም የሚያውቅ፣ የግሶችን ፓስት ፓርቲሲፕል የያዘ፣ ግን ሲናገር የሚምታታበት። ፓርቲሲፕሉን ያልያዘ ሰው መጀመሪያ እሱን ቤቱ ይጨርስ፣ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ያላለ ሰው ታይፕ ስሪ ላይ ሲደርስ ግድግዳ ነው የሚገጥመው፣ እዚህ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያስተምር የለም። ለ12ኛ ክፍል ተማሪም ይጠቅማል፣ በተለይ «ኢፍ»ና «ዊል» ያሉበትን ጥያቄ ለሚፈራ። ለአይኢኤልትስ፣ ለዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የሚዘጋጅ ሰው ግን ይሄን እንደ አንድ ቁራሽ ይቁጠረው እንጂ እዚህ ብቻ ተምሮ አይቀመጥ፣ የስፒኪንጉ ልምምድ የለም ብያለሁ።

ሁለት አስተማሪዎች ናቸው ይሄን ኮርስ የሚሰጡት። እኔ የማወራው ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ስለሚገባው ነው። የማታውን ሌላ ሰው ነው የሚይዘው፣ አንድ ጊዜ ገብቼ አይቼዋለሁ፣ ሃንድአውቱን ከላይ እስከ ታች አንብቦልን ወጣ። ስትመዘገቡ የቢሮዋ ልጅ «ሁለቱም አንድ ናቸው» ትላችኋለች። አይደሉም። የጠዋቱ ሞልቷል ካለች ቀጣዩን ዙር ጠብቁ፣ ሃንድአውት ግዙ ስትል ደግሞ ቲቸር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን በስልካችሁ አንሡና 150 ብሩን ለታክሲ አድርጉት።